ከመርዶ በፊት የሚበላ ምሳ

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ሸዋረጋ ነጭ ስኒከራቸውን አጥብቀው አስረው፣ የጉልበታቸውን ማሰሪያ ከሱሪያቸው በላይ አድርገው አበባ ሊያዩ ከቤት ሲወጡ፣ ወንድማቸው አምሐ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ይህን በአሜሪካ፣ በኦክላንድ ከተማ ፍሩትቬል ሰፈርና በዙሪያው ያለ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ መኪናውን የምትነዳልን ራህመትም ታውቅ ነበር። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቀብሩ ዓርብ ቀትር ላይ በእንግሊዝ አገር ገጠር ይፈጸማል። መርዶው ግን ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እንዲነገራቸው ተወስኗል። ረቡዕ የሰማ ሰው የዚያኑ ማታ ቢሳፈር ለቀብሩ ይደርሳል፤ ሐሙስ የሰማ አይደርስም። ነገሩ ሁሉ በዚህ በአንድ ቀን ልዩነት ላይ የቆመ ነበር።

እኔ በእትዬ ሸዋረጋ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምማር ነኝ። ስለ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ዕድሜዬም ዕውቀቴም የሚፈቅድ አይመስለኝም፤ ሆኖም ይህን ካየነው ሁለት ሰዎች ራህመት መጻፍ እንደማትወድ ነግራኛለች።

እትዬ ሸዋረጋ እናታቸው ሲሞቱ ገና ልጃገረድ ነበሩ። የመጨረሻውን ልጅ አምሐን አዝለው፣ አጥበው፣ አስተምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኬንያ የስደተኞች ሰፈር በኩል ወደ ኦክላንድ መጡ፤ እሱ ደግሞ በሱዳንና በባሕር አድርጎ እንግሊዝ አገር ገባ። እሳቸው ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ሲያነሡና ሲያስተኙ ጉልበታቸው አለቀ። እሱ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ከአንድ ጥንታዊ የመኳንንት ቤት ተቀጥሮ አትክልተኛ ሆነ። ቤቱ ዛሬ የሕዝብ መጎብኛ ነው፤ የአትክልት ቦታው ብቻውን አንድ መንደር ያህላል ይላሉ። እህትና ወንድም ከተለያዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምሐ በቪዲዮ ይደውላል። እትዬ ሸዋረጋ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «በል አዙረውና አሳየኝ» ይሉታል። እሱም ስልኩን አዙሮ መንገድ መንገዱን እየሄደ ያሳያቸዋል። ግድግዳ መስሎ የተከረከመውን ጥድ፣ የድንጋይ ደረጃውን፣ ዓሣ ያለበትን ኩሬ፣ በጡብ አጥር የታቀፈውን የጽጌረዳ ቦታ ከፍሩትቬል ሳሎናቸው ሆነው በልባቸው አጥንተውት ነበር። ለሰኔ ቲኬት ቆርጠዋል፤ የመግቢያ ፈቃዱም ወጥቷል። «እዚህ ለመዞር ጉልበት ይጠይቃል፤ ከአሁኑ ተለማመጂ» ብሏቸው ስለነበር፣ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ፣ ከዳሊ ሲቲ ከተማ በስተደቡብ ካሉት ኮረብቶች ሥር አንድ ባለጸጋ በእንግሊዞች አምሳል ያሠራው የጥንት ቤትና አትክልት እንዳለ ሰምተው «ውሰዱኝ» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ሆኖም በኦክላንድ ሰው ዘንድ እትዬ ሸዋረጋ የሚታወቁት በጉልበታቸውም በወንድማቸውም አይደለም። መርዶ በማስነገር ነው። ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ከተማ ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንዳያውቅ፣ ማን እንደሚናገር እሳቸው ይወስናሉ። ሥርዓታቸውም የታወቀ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ዋዜማውን ባለ ሐዘኑ በአንድ ሰበብ ከቤት ይወጣል፤ ስልኩ በአንድ ሰበብ ይወሰድበታል፤ እሱ በሌለበት ወንበርና ድስት ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠግቦ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ለቀናት እህል አይወርድለትምና። «ባዶ ሆድ ሐዘን አይሸከምም» ይሉ ነበር።

የጋሽ ክንፉን እናት ሞት ሳምንት ሙሉ ደብቀው በወጉ ያስነገሯቸው እሳቸው ናቸው። ጋሽ ክንፉ በፍሩትቬል ትንሽ ሱቅ ያላቸው የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። የአምሐ ጓደኛ ከእንግሊዝ የደወለው ለጋሽ ክንፉ ነበር። ሰኞ ጥቂቶቻችንን ከሱቃቸው ጓዳ፣ በበርበሬና በጤፍ ጆንያ መካከል ሰበሰቡን።

«ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን» አሉ። «ቄሱም ሐሙስ ኦፍ ናቸው። ረቡዕ ሴቶቹ ቤቷን ያሰናዱ።»

«ጋሼ፣ ቀብሩ እኮ ዓርብ ነው» አለች ራህመት። ራህመት የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ኡበር ትነዳለች፤ ከእትዬ ሸዋረጋ ጋር በአንድ ሕንጻ እየኖሩ በዓሉን ሁሉ አብረው ያሳልፋሉ።

«እና?»

«እናማ ዛሬ ይነገራቸውና ይሂዱ ነዋ! እኛ ዘንድ ሬሳም አይቆይ፣ ወሬም አይቆይ።»

«እናንተ ዘንድማ ገና እስትንፋሱ ሳይወጣ ነው ጉድጓድ የምትምሱት።»

«ቢሆንስ ጋሼ፣ ማንም አያመልጠውም።»

ሰው ሳቀ፤ ጋሽ ክንፉም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፕረዠሯን ታውቂያለሽ። ፕሌን ላይ ብቻዋን አንድ ነገር ብትሆንስ? ደርሳስ ማን ያስለቅሳታል፣ ፈረንጅ? እዚህ አገር ምድሩ ይመጣላታል። እሷ ለእኔ እንዳደረገችልኝ ነው የማደርግላት።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ክንፉ «ምን ልትዪ ነው ተማሪዋ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኩ። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ስልካቸውን መያዝ፣ እስኪመሽ ማቆየትና ማብላት ነበር።

የሳን ማቴዎን ድልድይ ተሻግረን ወደ ኮረብቶቹ ስንወጣ እትዬ ሸዋረጋ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። ራህመት ግን አንድም ቀልድ ሳትናገር ነዳች። ከበሩ ስንደርስ «እኔ እዚሁ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ» አለች። ስትናገር ፊታቸውን አላየችም።

የአትክልት ቦታው በእውነት ያማረ ነበር። ቀይ የጡብ ቤት፣ ከጣሪያው እስከ መሬት የወረደ ሐምራዊ ሐረግ፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ቱሊፕ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የተከረከመ አጥር። አሜሪካውያን አሮጊቶች ሰፋፊ ባርኔጣ አድርገው በለሆሳስ እያወሩ ያልፋሉ። እትዬ ሸዋረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ መርማሪ ይመለከቱ ጀመር።

«ይሄ ኮፒ ነው» አሉ። «ደህና ኮፒ ነው፤ ግን ኮፒ ነው። የአምሐ አጥር ከዚህ እጥፍ ይሆናል። ደረጃውም ድንጋዩ መሐሉ የተበላ ነው፤ ስንት ዘመን የተረገጠ! ይሄማ ትናንት የተሠራ ነው።»

«መቶ ዓመት ይሆነዋል ይላል፣ እትዬ» አልኩ በር ላይ የተሰጠችኝን ወረቀት እያየሁ።

«እኮ፤ ትናንት።»

ኩሬው ጋ ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልኬን ስጪኝ። ለአምሐ ላሳየው፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ እኔ ላሳየው።»

«ቻርጅ የለውም፣ እትዬ።»

«ጠዋት ሙሉ ነበር እኮ።»

«ስልክዎ አርጅቷል መሰለኝ። በእኔ ፎቶ ላንሳዎት።»

ትንሽ አየት አደረጉኝና ከኩሬው ዳር ቆሙ። «የጉልበቴ ማሰሪያ እንዳይታይ። ሽባ ሆና መጣች እንዳይለኝ።» አነሣኋቸው። ያ ፎቶ ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ፤ እየሣቁ ነው።

ሁለት ጊዜ ዞርን። ሁለተኛውን ሲጨርሱ በላብ ተነክረው ነበር፤ ግን አላነከሱም። «ይኸው!» አሉ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ እያደረጉ። «ለሰኔ ደርሻለሁ።»

ምሳ በጥንቱ የፈረስ ጋጣ ውስጥ በተከፈተ ካፌ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ገና ጥቂት ሳምንት ስለሆነ ጾም አልነበረም። እኔ ሾርባ፣ ዶሮ ያለበት ሳንድዊች፣ ድንች፣ ደግሞም ኬክ አምጥቼ ጠረጴዛውን ሞላሁት።

«ምነው፣ ድግስ ነው እንዴ?»

«ብዙ ሄደዋል፤ ይብሉ።»

በሉ። ሲያቆሙ «ይጨምሩ» አልኩ። ጨመሩ። ኬኩን ገፋ ሲያደርጉት መልሼ ወደ እሳቸው ሳብኩት። «እትዬ፣ በሞቴ ይቺን ብቻ።»

ሹካቸው በአየር ላይ ቆመ። ሳህኑን አዩ፤ ከሳህኑ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው እኔን አዩ።

«ብሩክታዊት፣ ስልኬ የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ቻርጅ አለው?»

ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ክንፉ ትናንት ደውሎ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ዛሬ ጠዋትም ደወለ። ክንፉ የእኔን ጤና ጠይቆ አያውቅም።» ሹካውን ከሳህኑ ጎን በቀስታ አስቀመጡ። «ራህመትም ለምን ከእኛ ጋር እንዳልገባች ገባኝ። ፊቷ አይደብቅላትም፤ እኔም ብሆን መኪና ውስጥ ነበር የማስቀምጣት።»

ከጎናችን ያሉ ሴቶች ስለ አንድ ሙሽራ አለባበስ እያወሩ ይስቁ ነበር።

«አክስቴ ናት?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአክስቴማ ሾርባ ይበቃኝ ነበር፤ አርጅታለች። ይህን ሁሉ ምግብ የሚያስበላኝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ።»

ስሙን አልጠሩም። እኔም ልጠራው አልቻልኩም፤ አንገቴን ደፋሁ፤ ያ መልስ ሆነ። ጮኸው የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት «በምን?» አሉ።

«በልብ ነው አሉ። እሑድ ጠዋት አትክልቱ ውስጥ ወድቆ አገኙት።»

«እሑድ ደወልኩለት። አላነሣም። ሥራ በዝቶበታል ብዬ...» ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዓርብ ቀትር ላይ።»

ከጋጣው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ሰዓት ቀና ብለው አዩ። «እደርሳለሁ» አሉ። ከዚያም በሕይወቴ የማልረሳውን አደረጉ፤ ሹካቸውን መልሰው አነሡና የቀረውን ሁሉ፣ ኬኩን ጭምር፣ ሳያጣጥሙ እንደ መድኃኒት በልተው ጨረሱ። «ረጅም መንገድ ነው» አሉ።

ራህመት ስንመጣ ከሩቅ አይታን ከመኪናው ወረደች። አቅፋቸው አለቀሰች። «አላህ ያጽናዎት እትዬ። እኔ እኮ ብያቸው ነበር፤ ወላሂ ብያቸው ነበር።»

«አሁን አታልቅሺ። ማታ የሚነሣ አውሮፕላን አለ እንደሆነ እይልኝ።»

ስልኳን ከፍታ አየች። «አለ። ቀጥታ ለንደን ነው፤ ሲትም አለው።» በራሷ ካርድ እዚያው ቆረጠችላቸው። ከቆምንበት ቦታ ከቤታችን ይልቅ አውሮፕላን ማረፊያው ይቀርብ ነበር። ፓስፖርታቸው ግን ቤት፣ መኝታ ክፍላቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። ድልድዩን መልሰን መሻገር ግድ ሆነብን።

መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። እትዬ ሸዋረጋ ከኋላ ተቀምጠው መስኮቱን እያዩ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ከቤት ስንት ሰው አለ?»

«ሴቶቹ አሉ፤ ጋሽ ክንፉም» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ አልገባም። ብገባ አያስወጡኝም። አንቺ ግቢና ልብስ ረሳሁ ብለሽ አምጪልኝ።»

ራህመት ከቤቱ ማዶ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመች። እኔ ወደ ላይ ወጣሁ። ሳሎኑ ተለውጦ ነበር፤ ሶፋው ወጥቷል፤ ከዕድሩ የመጡ ታጣፊ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ከኩሽና የትልልቅ ድስቶች ሽታ ይመጣል። ጋሽ ክንፉ ደጃፉ ላይ ቆመው ወንበር ይቆጥሩ ነበር።

«ምን ሆናችሁ መጣችሁ? ገና ሳይመሽ?»

«ልብስ... ልብስ ረስቼ ነው።»

ፓስፖርቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳቸውም። ራሳቸው አወቁት።»

ከኩሽና በኩል አንዲት ሴት «እሪ!» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ነጠላቸውን እየሳቡ፣ ደረታቸውን እየመቱ ደረጃውን ወረዱ፤ መንገዱን ሲያቋርጡ መኪኖች ቆሙላቸው። የመኪናውን በር ከፍተው እትዬ ሸዋረጋን ተሸክመው አወጧቸው፤ በለቅሶ አጅበው ወደ ላይ ይዘዋቸው ወጡ።

ጋሽ ክንፉ ለሐሙስ ጎህ ያሰናዱትን ንግግር እንባቸውን እያፈሰሱ በዚያው ሰዓት ተናገሩት። እትዬ ሸዋረጋ እስኪጨርሱ በአክብሮት ጠበቁ። ከዚያ «እግዜር ይስጥህ፣ ክንፉ። አሁን ኤርፖርት ልሄድ ነው። ቲኬት ቆርጫለሁ» አሉ።

«እሺ እህቴ፣ እሺ። አሁን አልቅሺ።»

«እያልኩህ ያለሁት...»

«እጇን ያዙ! ራሷን እንዳትጎዳ!»

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጃቸውን ያዙ። ባለ ሐዘን የሚናገረው አይቆጠርበትም፤ ልቡ የት እንዳለ አያውቅምና ይያዛል፣ ይባበላል። ስንት ለቅሶ ላይ ያን ትእዛዝ ያዘዙት፣ ያን እጅ የያዙት እትዬ ሸዋረጋ ነበሩ። የያዟቸውም ሴቶች አያያዙን ከሌላ ከማንም አልተማሩትም።

ወሬው ስለተሰማ ሰው ከሄይዋርድ፣ ከሳን ሆዜ በሥራ ልብሱ እንዳለ ይጎርፍ ጀመር። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል፤ ባለ ሐዘኗም ተነሥተው አንገት ለአንገት ይተቃቀፋሉ። ራህመት ሁለት ጊዜ ገብታ «ጋሼ፣ ፍላይቱ!» አለች። ጋሽ ክንፉ እንባ ባቀረረ ዓይን አይተዋት «እባክሽ፤ ወጉ ይፈጸም» አሏት። እኔ ፓስፖርቱን በሁለት እጄ ይዤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ።

አንድ ጊዜ እትዬ ሸዋረጋ እጆቻቸውን አስለቅቀው በእግራቸው ቆሙ፤ ወደ በሩም ሄዱ። በዚያ ቅጽበት ከሳን ሆዜ የመጡ ባለ ምርኩዝ አሮጊት በበሩ ገቡ። የልጃቸውን መርዶ ያስነገሯቸው እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ጥለው አንገታቸው ላይ ወደቁና «የእኔን ቀን የያዝሽልኝ እህቴ!» እያሉ አለቀሱ። እትዬ ሸዋረጋ በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። ከዚያ መስኮቱን አዩ፤ ፀሐይዋ እየጠለቀች ብርሃኑ ቀይ ሆኖ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አውሮፕላኑ ላይ አይደረስም። እጃቸውን ትንሽ አነሡና ወደ መኝታ ክፍሉ አመለከቱ፤ ፓስፖርቱን ወደ ቦታው እንድመልሰው።

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት። ጋሽ ክንፉ በረጅሙ ተንፍሰው «ይኸው፣ አሁን ወጣላት» አሉ።

ዓርብ አምሐ ተቀበረ። የአትክልተኞቹ አለቃ ፎቶ ላከላቸው፤ የመንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ሳጥን፣ በሳጥኑ ላይ ከዚያው አትክልት የተቆረጠ አበባ፣ በዙሪያው ጥቂት የማናውቃቸው ሰዎች። በእኛ ዘንድ ለቅሶው ለብዙ ጊዜ ሲመሰገን ቆየ። ምንም አልጎደለም ተባለ።

የሰኔው ቲኬት አልተመለሰም ነበርና ሰኔ ሲደርስ ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ብዙ አላወሩም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«በር ላይ እንደ ማንም ጎብኚ ከፍዬ ገባሁ። ካርታ ሰጡኝ፤ አልፈልግም አልኩ። መንገዱን ሁሉ አውቀዋለሁ። ደረጃው፣ ኩሬው፣ ጽጌረዳው፣ ሁሉም እንዳሳየኝ ነው። ዞርኩት፤ ጉልበቴም አልከዳኝም።» ቁራሻቸውን በጣታቸው መካከል ሲያንከባልሉ ቆዩ። «እዚያ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊቱን ላስታውስ ብል አቃተኝ። የልጅነቱ ይመጣልኛል፤ የአሁኑ አይመጣም። ሁልጊዜ አዙረው፣ አበባውን አሳየኝ እለው ነበር። ያዞረዋል። ይኸውልሽ፣ አበባውን አየሁ።»

በመከር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ክንፉ ደወሉ። እትዬ ሸዋረጋ ሽንኩርት እየከተፉ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩላቸው። እዚያው ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር የምትኖር ቤተልሔም የምትባል ወጣት ነርስ አባት ሲያትል ላይ ዐርፈዋል። «ልጅቷ አታውቅም» አሉ ጋሽ ክንፉ። «ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ብናደርገው ምን ይመስልሻል? አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ድሮ ቢሆን «ማን ማን ሰምቷል?» ብለው ነበር የሚጀምሩት።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አሉ።

«ሰኞ» አሉ ጋሽ ክንፉ። «ግን ሸዋረጋ፣ ልጅቷ ብቻዋን...»

እትዬ ሸዋረጋ በእርጥብ ጣታቸው ስልኩን ዘጉት። ቢላውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። «ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ።

«ምግብ እንያዝላት?»

«አይሆንም።»

ራህመት አደረሰችን፤ በዚህ ጊዜ እሷም አብራን ወጣች። ቤተልሔም ከአዳር ሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ የሆስፒታል ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። በሩን ከፍታ ሦስታችንን ስታይ ሣቀች።

«ዌልካም! ምን እግር ጣላችሁ? ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ግቡ፣ አብረን እንብላ።»

እትዬ ሸዋረጋ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ። የልጅቷን ሁለት እጆች ያዙ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሏት።